ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ሳለ ሆርሞኗ አንሷል የተባለው እንዴት ነው?

የአቃቂዋ | አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁም። የእህቴን ነገር ላማክራችሁ ብዬ ነው። ከወራት ወዲህ ድካም አላስነሳ ብሏታል። ሰው ሁሉ በሙቀት ሲያማርር እሷ ጋቢ ደርባ ትቀመጣለች። ፀጉሯ በማበጠሪያ እየተግተለተለ ይወጣል፣ ሆድ ድርቀት ይዟታል፣ አበላሏ እንደ ድሮው ሆኖ ኪሎዋ ጨምሯል፣ ድምጿም ጎርነን ብሏል። መጀመሪያ የሄደችበት ክሊኒክ ደም ማነስ ነው ብሎ የብረት ኪኒን ሰጣት። ለውጥ ስታጣ ሌላ ቦታ ሄደች፤ እዚያ የታይሮይድ ምርመራ ታዘዘላት። ውጤቱ ቲኤስኤች 18.6፣ ፍሪ ቲ4 ደግሞ 0.5 ይላል። ከጎኑ የተጻፈው ጤነኛ መጠን ለመጀመሪያው ከ0.4 እስከ 4.0፣ ለሁለተኛው ከ0.8 እስከ 1.8 ነው። ሐኪሙ «ሆርሞንሽ አንሷል» ብሎ ሌቮታይሮክሲን 50 ማይክሮግራም ጀመረላት።

ጎረቤታችን ወረቀቱን አይታ «ይኸው ቀስቱ ወደ ላይ ነው እኮ! በዝቶባት ሳለ ጭራሽ ይጨምሩባታል እንዴ?» አለች። እህቴም ፈርታ ኪኒኑን አቆመች። ሐኪሙ በዕለቱ ብዙ ሰው ተሰልፎ ይጠብቀው ስለነበር ዘርዝሮ አላስረዳትም። እባካችሁ የምታውቁ አስረዱኝ፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ እንዴት አንሷል ይባላል?

ሐኪም ዘጎንደር | የውስጥ ደዌ

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፤ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። አስቀድሜ ግን አደራ፦ እህትሽ ነገ ጠዋት ለሐኪሟ ደውላ ኪኒኑን ትቀጥል። በላክሽው ቁጥር ውስጥ የበዛ የታይሮይድ ሆርሞን የለም።

ቲኤስኤች የታይሮይድ ሆርሞን አይደለም። ከአንጎል ሥር፣ በራስ ቅል አጥንት ውስጥ በተሠራላት ትንሽ ጉድጓድ የተቀመጠች ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ አለች። ክብደቷ ግማሽ ግራም ያህል ነው። ቲኤስኤችን የምታወጣው እሷ ናት፤ ሥራውም አንገት ላይ ያለውን ታይሮይድ ማዘዝ ነው። ታይሮይድ ሲታዘዝ ከደም አዮዲን ሰብስቦ ቲ4ን በብዛት፣ ቲ3ን በጥቂቱ ያመርታል። ስማቸው የመጣው ከተሸከሙት የአዮዲን ብዛት ነው፤ አንዱ አራት፣ ሌላው ሦስት። እነዚህ በደም ሲዞሩ ፒቱታሪም ዘንድ ይደርሳሉ፤ እሷም በቂ መሆኑን ስታይ ትእዛዟን ትቀንሳለች፣ ሲያንስባት ታበዛለች። ከእሷ በላይ ያለው ሃይፖታላመስም ቲአርኤች በሚባል ሆርሞን እሷን ያዛል፤ እሱም ያንኑ ደም እያየ ነው የሚሠራው።

እንግዲህ ቲኤስኤች የአሠሪ ድምፅ ነው ብለሽ ያዢው። ሠራተኛው ሲበረታ አሠሪው ዝግ ብሎ ይናገራል፤ ሠራተኛው ሲደክም ይጮኻል። የእህትሽ 18.6 ያ ጩኸት ነው። 0.5 ደግሞ ታይሮይዷ ጩኸቱን እየሰማ አቅም እንዳጣ ያሳያል። የታዘዘላት ሌቮታይሮክሲን ራሱ ቲ4 ነው፤ ከውጭ ሲገባላት ፒቱታሪዋ ትረካለች፣ ቲኤስኤችም ይወርዳል። ጎረቤታችሁ በቅንነት ነው የተናገሩት፤ ያዩት ቀስት ግን የፒቱታሪዋ እንጂ የታይሮይዷ አይደለም።

ሐኪሞች ብዙ ጊዜ በቲኤስኤች የምንጀምርበት ምክንያት አለ። ቲ4 ትንሽ ዝቅ ሲል ቲኤስኤች በብዙ እጥፍ ይዘላል፤ ስለዚህ ቲ4 ገና ጤነኛ በሚባለው መጠን ውስጥ እያለ ቲኤስኤች ቀድሞ ይናገራል።

ስለ ትዕግሥትም ልጨምር፤ ሰው በሁለተኛው ሳምንት «ምንም ለውጥ የለም» ብሎ የሚያቆመው ይህን ባለማወቅ ነው። ሆርሞን ሁሉ በአንድ ፍጥነት አይሠራም። ድንገት ስትደነግጪ ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች የሚወጣው አድሬናሊን በሰከንዶች ልብሽን ያስመታል። ኢንሱሊን በደቂቃዎች ስኳርን ከደም ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ያስገባል። የታይሮይድ ሆርሞን ግን መንገዱ ረጅም ነው። ቲ4 በጉበት፣ በኩላሊትና በሌሎች አካላት ውስጥ አንድ አዮዲን ተነቅሎለት ቲ3 ይሆናል፤ ቲ3 እስከ ሕዋሱ አስኳል ድረስ ዘልቆ የትኛው ዘረመል ይነበብ፣ የትኛው ይቆይ የሚለውን ይለውጣል። አዲስ ፕሮቲን ተሠርቶ ሰውነት እስኪነቃ ሳምንታት ይወስዳል። ቲ4 ራሱ በደም ውስጥ ግማሹ ለመጥፋት ሰባት ቀን ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ኪኒን ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተለወጠ በኋላ ቲኤስኤች የሚለካው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነው። ከዚያ በፊት የተለካ ቁጥር ያሳስታል።

የአቃቂዋ

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ገልብጬ ላኩላት። ሌላው ፍርሃቷ «አንዴ ከጀመርሽ ዕድሜ ልክሽን ነው» መባሏ ነው። ደግሞ ሰው ሠራሽ ሆርሞን ሰውነትን አይጎዳም?

ሐኪም ዘጎንደር

ዕድሜ ልክ ይሁን አይሁን ምክንያቱ ሲታወቅ ነው የሚነገረው፤ የሰውነት መከላከያ ታይሮይድን እያጠቃ መሆኑን የሚያሳይ ፀረ ቲፒኦ የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ ካላደረገች ትጠይቅ። ራሱ የሰውነት መከላከያ ታይሮይድን እያጠቃው ከሆነ ሃሺሞቶ እንለዋለን። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1912 በሽታውን ከገለጸው ጃፓናዊ ሐኪም የመጣ ነው። ያ ከሆነ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ይቀጥላል።

ጉዳቱን በተመለከተ፣ በኪኒኑ ውስጥ ያለው ቲ4 ታይሮይድ ከሚያመርተው ጋር አንድ ነው፤ ሰውነት ለይቶ አያውቀውም። የሚጎዳው መጠኑ ሲበዛ ነው፤ ለዚህም ነው የምንለካው። ይህ መድኃኒት ከመኖሩ በፊት የነበረውን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1891 ጆርጅ ሙሬይ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ታይሮይዷ ደርቆ ፊቷ ያበጠ፣ ንግግሯ የተጎተተ፣ ከቤት መውጣት ያቃታት አንዲት ሴት የበግ ታይሮይድ ጭማቂ በመርፌ ሰጣት። ሴትዮዋ ዳነች፤ ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖራለች። ዛሬ ያ ሁሉ በአንዲት ትንሽ ኪኒን ውስጥ አለ፤ ዋጋውም ከብዙ መድኃኒቶች ያነሰ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በወሬ ሲቆም ያሳዝነኛል።

የመድኃኒት ቤቱ | ሐዋሳ

ዶክተር በተናገሩት ላይ መድኃኒት ቤት ቆሜ የማየውን ልጨምር። ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በንጹሕ ውኃ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ነው የሚዋጠው። እኛ አገር የሚያበላሸው ቡናችን ነው። ሰው ገና ከአልጋ ወርዶ ኪኒኑን በቡና ያወራርዳል፤ ቡና መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክለዋል። ከዚያ ቲኤስኤች አልወርድ ሲል ሐኪሙ መጠን ይጨምራል፣ ሰውዬው አንድ ቀን ቡና ሲተው ደግሞ ይበዛበታል። ቡናው አይከለከልም፤ ሰዓት ይለይለት።

ሁለተኛ፣ እህትሽ የብረት ኪኒን ተሰጥቷታል ብለሻል። ይህ ወሳኝ ነው! ብረትም ካልሲየምም ሌቮታይሮክሲንን አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። ቢያንስ አራት ሰዓት ይራራቁ። አንዱን ንጋት ላይ፣ ሌላውን ከምሳ በኋላ ብታደርግ ይሻላል። የጨጓራ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም ለሐኪሟ ትንገር።

ጾመኞች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝን እዚሁ ልመልስ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ንጋት ላይ ውኃ እንኳ የማይቀምስ ከሆነ፣ ማታ ሊተኛ ሲል፣ እራቱን ከበላ ሦስት ሰዓት ካለፈው በኋላ ቢውጠው እኩል ይሠራል። በረመዳንም እንዲሁ ማታ ከመኝታ በፊት፣ ወይም ሱሑር ከመብላት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይሆናል። ዋናው በየቀኑ አንድ ዓይነት ሰዓት መጠበቅ ነው። አንድ ቀን ቢረሳ ዶክተር እንዳሉት በደም ውስጥ ስለሚቆይ ድንጋጤ አያስፈልግም። ኪኒኑን ግን ከማሸጊያው ፈልፍላችሁ በብልቃጥ አታጠራቅሙ፤ እርጥበትና ብርሃን ያበላሹታል።

የሪያዷ | ሳዑዲ

የኔ የእህትሽ ተቃራኒ ነበር፤ ለሌላ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ልጻፈው። በዓርብ ዕረፍታችን ከልጆቹ ጋር ቡና አፍልተን፣ ሲኒውን ከረከቦቱ አንስቼ ለጓደኛዬ ሳቀብል ከማስቀመጫው ጋር እየተንቀጫቀጨ ቡናው ጣቴ ላይ ፈሰሰ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ተቀምጬ እንኳ እንደ ሯጭ ይመታል፣ አየር ማቀዝቀዣው ሥር ሆኜ ያልበኛል። እየበላሁ ኪሎዬ ወረደ። አንዷ ዓይነ ጥላ ነው አለች፣ አንዷ ሐሳብ በዝቶብሽ ነው አለች። ዓይኔ ፈጠጥ ማለት ሲጀምር ነው አሠሪዬ ራሷ ሆስፒታል የወሰደችኝ፤ እግዜር ይስጣት። ቲኤስኤቼ ከ0.01 በታች፣ ቲ4 ደግሞ ከመጠን በላይ ነበር።

ዶክተር፣ እርስዎ እንዳሉት ከሆነ የኔ አሠሪ ጭራሽ ዝም ብሏል። ታዲያ ታይሮይዴን ማን ነው እንዲያ የሚያሯሩጠው?

ሐኪም ዘጎንደር

እህቴ፣ እንኳን በጊዜ ደረስሽ። የገለጽሽው ግሬቭስ የሚባለው ነው፤ አየርላንዳዊው ሮበርት ግሬቭስ እ.ኤ.አ. በ1835 የጻፈው። ታይሮይድ ሕዋሶች ላይ ቲኤስኤች የሚያርፍበት ተቀባይ አለ። በግሬቭስ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል፤ ይህም እዚያው ተቀባይ ላይ አርፎ የቲኤስኤችን ሥራ ይሠራል። ፒቱታሪ ቲ4 ሲበዛ አይታ ዝም ብላለች፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ግን የደሙን መጠን አይጠይቅም፣ ማቆሚያም የለውም። ዓይንን የሚያፈጥጠውም ይኸው ነው፤ ከዓይን ኋላ ያለውን ሥጋና ስብ ያሳብጠዋል። ሲጋራ ዓይኑን በጣም ያባብሰዋል፤ የሚያጨስ ካለ ዛሬውኑ ያቁም።

ሕክምናው ሦስት መንገድ አለው። ምርቱን የሚገቱ ኪኒኖች አሉ፤ እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ፒቲዩ፣ ሌላ ቦታ ሜቲማዞል ወይም ካርቢማዞል። ሌሎቹ ራዲዮአክቲቭ አዮዲንና ቀዶ ሕክምና ናቸው። የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን ለጊዜው ፕሮፕራኖሎል ያረጋጋል፤ አስም ካለብሽ ግን ተናገሪ። ኪኒን ላይ ካለሽ ይህን እንዳትረሺ፦ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ድንገት ከመጣብሽ «ጉንፋን ነው» ብለሽ ቤት አትተኚ። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሕዋስን ያመነምናል፤ በዚያው ዕለት የደም ቆጠራ ያስፈልጋል። ዓይንሽ ወይም ሽንትሽ መልኩን ወደ ቢጫና ወደ ጥቁር ቡና ከለወጠም እንዲሁ፤ የጉበት ምልክት ነው።

የቡሬው ልጅ | ጎጃም

እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ እንቅርት አለባት። አያቴም ነበረባት፤ አንገቷ ላይ የተነቀሰችው እንቅርቱን ያጠፋል ተብላ ነው። የእናቴ አሁን ከአገጯ በታች በግልጽ ይታያል። ሰሞኑን ልቤ ይመታል ማለት ጀምራለች፣ ደም ግፊትም ተጨምሮባታል፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆኖብናል። አዮዲን ያለው ጨው ብገዛላት ይጠፋል?

ሐኪም ዘጎንደር

ወንድሜ፣ እናትህን እግዜር ይማርልህ። የእንቅርት አፈጣጠር ከላይ ከተነጋገርነው ጋር አንድ ነው። አዮዲን ካነሰ ቲ4 መሥራት አይቻልም፤ ቲ4 ሲያንስ ቲኤስኤች ይጨምራል፤ ቲኤስኤች ደግሞ ማዘዝ ብቻ ሳይሆን የታይሮይድ ሕዋሶች እንዲበዙና እንዲተልቁ ያደርጋል። ታይሮይድ በደሙ የምታልፈውን ጥቂት አዮዲን ለመልቀም ራሱን ያሰፋል። ብዙ ሰዎች እንቅርት ኖሯቸው ሆርሞናቸው ልክ የሚሆነው በዚህ ልፋት ነው። ደጋማው አገራችን ላይ የበዛውም ዝናብና ጎርፍ ለዘመናት አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ስለወሰደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሦስት ሴቶች ከአንዷ በላይ እንቅርት ተገኝቶባታል።

ዕብጠቱ ልጅ ላይ ገና ለስላሳ ሳለ ከሆነ አዮዲን ይመልሰዋል። ለዓመታት የቆየና እባጭ እባጭ የሆነው ግን በጨው አይጠፋም። እናትህ ላይ የሚያሳስበኝ የልብ ምቷ ነው። በቆየ እንቅርት ውስጥ ያሉ እባጮች አንዳንዴ የፒቱታሪን ትእዛዝ ትተው በራሳቸው ማምረት ይጀምራሉ፤ እንዲህ ባለ ሰው ላይ ብዙ አዮዲን በአንድ ጊዜ ሲገባ ሆርሞኑ ሊፈነዳ ይችላል። ለቤተሰቡ አዮዲን ያለውን ጨው በልክ ተጠቀሙ፤ የአዮዲን ጠብታ ወይም ክኒን ግን በራስህ ገዝተህ አትስጣት። ቲኤስኤች አስለካላት፣ የልብ ምርመራም ይደረግላት፣ አንገቷ በአልትራሳውንድ ይታይ። አጠራጣሪ እባጭ ካለ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል። ስትተኛ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ መዋጥ የሚያስቸግራት፣ ድምጿ የተለወጠ፣ ወይም አንዱ ጎን በፍጥነት ያደገ ከሆነ ነገ ሳትል ይዘሃት ሂድ።

የመርካቶው | ጨው ነጋዴ

የጨው ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ሥራዬ ነውና። እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ አዮዲን የተጨመረበት ጨው በኤርትራ ወደቦች በኩል ይመጣልን ነበር። ድንበሩ ሲዘጋ ገበያው በአፋር፣ በተለይ በአፍዴራ ጨው ተሞላ፤ ያ ጨው ደግሞ ያኔ አዮዲን አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ2011 ለሰው ምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው የሚል ደንብ ወጣ። ፖታሲየም አዮዴት የሚባለውን በውኃ አሟሙተው ጨው ላይ ይረጩታል። ሆኖም በደንብ ሳይደባለቅ አንዱ ከረጢት ሞልቶ ሌላው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በግልጽ ተጽፎበት የታሸገውን ግዙ።

ቤት ውስጥ ደግሞ እናቶቻችን ጨውን ምድጃ አጠገብ ክፍቱን ያስቀምጡታል። እርጥበቱና ሙቀቱ አዮዲኑን ይወስደዋል። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከእሳትና ከፀሐይ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩ። አጥቦ መጠቀም የለመዳችሁም ተዉት፤ አዮዲኑ ከውኃው ጋር ይሄዳል።

ሐኪም ዘጎንደር

ወንድሜ፣ ይህን ስላነሳህልን እግዜር ያክብርህ። አንድ ነገር ብቻ፦ ጨው አታብዙ። አንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው፤ በ70 ዓመት ዕድሜ ሙሉ ቢደመር አራት ግራም አይሞላም። ለዚህ ብሎ ጨው መጨመር ደም ግፊትን መጋበዝ ነው። ጨው በቀን ከአምስት ግራም አይለፍ፤ ያቺው ግን አዮዲን ያላት ትሁን።

አስናቀ 77 | ቨርጂኒያ

እኔ ያነበብኩት ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን ታይሮይድን ይገድላሉ የሚል ነው። ባለቤቴ ታይሮይድ ስላለባት ከቤታችን ካስወጣናቸው ቆይተዋል። ለምን እዚህ አልተነሳም?

ሐኪም ዘጎንደር

አቶ አስናቀ፣ መሠረት አለው፤ ግን ከልክ አልፎ ተነግሯል። በእነዚህ አትክልቶች ውስጥ ታይሮይድ አዮዲን እንዳይወስድ የሚሻሙ ንጥረ ነገሮች አሉ። ሲበስሉ አብዛኛው ይጠፋል፤ አዮዲን በበቂ በሚገኝበት ቤት ደግሞ ሚዛን አያነሱም። እኛ ጎመንን ቀቅለን ነው የምንበላው፤ ባለቤትዎ ትብላ። ይህ ነገር እውነተኛ ችግር የሚሆነው አዮዲን በጠፋበት አካባቢ ካሳቫ ዋና ምግብ ሲሆን ነው፤ በደቡብ አገራችን አንዳንድ ቦታ ይህ ይታያል። እዚያም ካሳቫውን በደንብ ዘፍዝፎና አድርቆ ማዘጋጀት ጉዳቱን ይቀንሳል።

ላብራቶሪ ክፍል | አዳማ

ፀጉር የሚረግፍበት ሰው ብዙ ጊዜ ከውጭ አገር ዘመድ የሚልክለትን ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን ይወስዳል። እህትሽ ትወስዳለች? ብዙ ማሽኖች ሆርሞን የሚለኩት ባዮቲንን ራሱን በመጠቀም ስለሆነ፣ ደም ውስጥ ብዙ ሲኖር ቲኤስኤችን ዝቅ፣ ቲ4ን ከፍ አድርገው በሐሰት ያሳያሉ። የታመመ ሰው ጤነኛ መስሎ ይወጣል፣ ጤነኛው ግሬቭስ ያለበት ይመስላል። ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ ይቁም፤ ደም ለሚቀዳው ሰውም ይነገር።

የአቃቂዋ

አዎ፣ የአክስታችን ልጅ ልካላት ነበር፤ ከፍታዋለች። ለሚቀጥለው ምርመራ አስቆማታለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ሊያ | ድሬዳዋ

ኪሎ ይቀንሳል ብላ ጓደኛዬ ይህንኑ ኪኒን ያለ ሐኪም ትገዛለች። ታይሮይዷ ጤነኛ ነው። ምን ልበላት?

የመድኃኒት ቤቱ

ዛሬውኑ እንድታቆም ንገሪያት። ታይሮይዱ ጤነኛ የሆነ ሰው ሲወስደው ፒቱታሪ ቲኤስኤችን ዝቅ ታደርጋለች፣ የራሷም ታይሮይድ ሥራውን ይቀንሳል። ኪሎ እንዲወርድ ብላ መጠኑን ከፍ ስታደርግ ደግሞ የሪያዷ እህታችን ያየችውን ሁሉ በገንዘቧ ትገዛለች። ልብ ምቱ ይዛባል፣ ከልብ የተነሳ የደም መርጋት ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ከስብ ይልቅ ጡንቻ ይሟሽሻል። ለዚህ ብላ የምትጠይቀኝ ሴት ስትመጣ አልሸጥላትም፤ የሚሸጥላት መኖሩ ያናድደኛል።

ወለተ ማርያም | ደብረ ብርሃን

እኔ ጸበል ገብቼ ሳለሁ አብረውኝ የነበሩ «መድኃኒት እየወሰድሽ እምነት የለሽም» ብለው አስጥለውኝ ነበር። የንስሐ አባቴ ሲሰሙ ተቆጡ። «መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር ፈጠረ ይላል፤ ማን ነው የሚከለክልሽ?» ብለው ኪኒኑን ራሳቸው አስመለሱኝ። ጸበሉንም ኪኒኑንም ይዤ ነው የምኖረው። እንደኔ የተባለ ካለ ይህን ይስማ።

አዋላጅ | ደሴ

ዶክተር፣ ቲኤስኤች ሁልጊዜ አይናገርም የሚለውን ይጨምሩልን። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ኋላ ጡቷ ወተት እምቢ ካለ፣ የወር አበባዋ ካልተመለሰ፣ ድካሙ ካልለቀቃት እኛ የምንጠረጥረው ሌላ ነው።

ሐኪም ዘጎንደር

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ይህ በአገራችን በጣም አስፈላጊ ነው። በእርግዝና ፒቱታሪ ትተልቃለች፤ ከወሊድ በኋላ ደም ክፉኛ ሲፈስ ደም ሳይደርሳት ቀርቶ ልትሞት ትችላለች። ሺሃን ሲንድረም ይባላል። ያኔ ታይሮይዱ ጤነኛ ነው፤ የሚያዘው ግን የለም። ቲ4 ዝቅ ብሎ ቲኤስኤች ዝቅተኛ ወይም ጤነኛ መስሎ ይወጣል፤ ቲኤስኤች ብቻ ያየ ሐኪም «ደህና ነሽ» ብሎ ይሸኛታል። ወተትን የሚያዘው ፕሮላክቲን፣ የወር አበባን የሚያዙት ሆርሞኖች፣ ሰውነት ሕመምንና ጭንቀትን እንዲቋቋም የሚረዳውን ኮርቲሶልን የሚያዘው ኤሲቲኤች ሁሉም ከዚችው ዕጢ ስለሚወጡ አንድ ላይ ይጎድላሉ። የጤና ባለሙያ የሆናችሁ ደግሞ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፦ እንዲህ ያለች ሴት ኮርቲሶል ሳይተካላት ታይሮክሲን (ቲ4) አይጀመርም። ታይሮክሲን የሰውነትን ፍላጎት ከፍ ሲያደርገው ያለችውን ጥቂት ኮርቲሶል ጨርሶ ለሞት የሚያደርስ የደም ግፊት መውደቅ (ሾክ) ውስጥ ይከታታል።

የአቃቂዋ እህታችን አትፍሪ፤ ቲኤስኤች 18.6 ከሆነ የእህትሽ ፒቱታሪ በደንብ እየሠራች ነው።

እናት ከሃይፋ | እስራኤል

ልጄ ስትወለድ ተረከዟን ወግተው በወረቀት ላይ ጥቂት ጠብታ ደም ወሰዱ። ኋላ ደውለው ታይሮይዷ እንደማይሠራ ነገሩኝ፤ ኪኒን ተፈጭቶ በጥቂት ውኃ በማንኪያ እየሰጠኋት አደገች። ዛሬ ትምህርቷን በደንብ ትከታተላለች። ያ ምርመራ ባይኖር ምን ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ። አዲስ አበባ ያለች የአጎቴ ልጅ ነፍሰ ጡር ናት፤ ምን ልምከራት?

ሐኪም ዘጎንደር

ልጅሽን ያሳድግልሽ። ከተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መድኃኒት የጀመረ ልጅ አንጎሉ ይተርፋል፤ ወራት ካለፉ የጠፋው አይመለስም። ይህ የተረከዝ ምርመራ በእኛም አገር ለእያንዳንዱ ሕፃን ቢደርስ ምኞቴ ነው። ለአጎትሽ ልጅ የምነግራት፣ ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን የታይሮይድ ሆርሞን አያመርትም፤ አንጎሉ የሚሠራው በእናቱ ቲ4 ነው። የነፍሰ ጡር አዮዲን ፍላጎት ወደ 250 ማይክሮግራም ያድጋል። ቀድሞ ሌቮታይሮክሲን የምትወስድ ሴት ደግሞ ማርገዟን እንዳወቀች ለሐኪሟ ትንገር፤ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከሩብ እስከ ግማሽ ይጨመራል። «ለፅንሱ» ብላ ማቆም ፅንሱን መጉዳት ነው። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ለቅሶው ከጎረነነ፣ ቢጫነቱ ከቆየ፣ ጡት ለመጥባት ከሰነፈ፣ ሆዱ ከደረቀ፣ እምብርቱ ከገፋ፣ ምላሱ ከተለቀ «ጨዋ ልጅ ነው፣ አያስቸግርም» ሳትል ታስመርምረው።

የአቃቂዋ

ስለ እናትና ልጅ ስትጽፉ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ ይሆን? እህቴ ከወለደች ገና ዘጠኝ ወሯ ነው። እንደውም በወለደች በሦስተኛው ወር ገደማ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ትል ነበር፤ የአራስ ነገር ነው ብለን አለፍነው። አቁማው የነበረውን ኪኒን ትናንት እንደገና ጀምራለች። ጡት ታጠባለች፤ ለሕፃኑ ችግር አለው?

ሐኪም ዘጎንደር

ይህ ብዙ ነገር ይለውጣል፤ ለሐኪሟ እንዲሁ እንዳለ ትንገረው። ከወሊድ በኋላ በነበሩት ወራት ታይሮይድ የሚቆጣበት በሽታ አለ። መጀመሪያ የተቆጣው ዕጢ ያከማቸውን ሆርሞን ስለሚለቅ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ክምችቱ ሲያልቅ ደግሞ ይደክማል፣ አሁን እህትሽ ያለችበት ማለት ነው። ከእነዚህ እናቶች ብዙዎቹ ልጁ ዓመት ሲሞላው አካባቢ ታይሮይዳቸው ይመለሳል፤ ፀረ ቲፒኦ ያለባቸው ግን ቋሚ የመሆን ዕድላቸው ከፍ ይላል። ስለዚህ ዕድሜ ልክ ነው ብላችሁ አሁን አትዘኑ። ኪኒኑን ትውሰድ፣ በስድስተኛው ሳምንት ቲኤስኤች ትለካ፣ ከወራት በኋላ ሐኪሟ መጠኑን እየቀነሰ ታይሮይዷ በራሱ መቆም መቻሉን ያያል። ይህን ራሷ አታድርገው።

ጡት ታጥባ። ወደ ወተት የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሕፃኑን አይጎዳም። ሌላ ልጅ ካሰበች ግን ከማርገዟ በፊት ቲኤስኤች ትለካ፤ በሽታው አንዴ በታየባት ሴት ላይ በሚቀጥለው ወሊድ መመለሱ የተለመደ ነው።

የአቃቂዋ

የፀረ ቲፒኦውን ለሰኞ አስመዝግበናል። የብረት ኪኒኑንም ከምሳ በኋላ አድርገነዋል። ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።